በማዕበል ወቅት ከመርከብ ለመውረድ፦ ኖርድካፕ፣ ትሮምሶ፣ አልታ ወይስ ኪርከነስ?

የሰሜን ኖርዌይን የባሕር ዳርቻ በብርድ ወራት በመርከብ ለማየት የተነሣ ሰው ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። በየወደቡ ወርዶ የሚጎበኘው ነገር ለብቻው ይሸጣል፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። በማስታወቂያው ላይ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ የተነሡት ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስ ባልነበረበት ቀን ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ግን በዚያ ዳርቻ ማዕበል የተለመደ ነው። ስለዚህ ጉብኝቶቹን እዚህ ያወዳደርኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነፋሱ ሲነሣ ከተከፈለው ገንዘብ ምን ይተርፋል?

ኖርድካፕ፦ ሁሉም የሚመኘው፣ ቶሎ የሚሰረዘው

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኖርድካፕ ነው። ከባሕሩ 307 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ነው፤ ጫፉ ላይ ከብረት የተሠራ የዓለም ሉል ቆሟል፤ የሚገኘውም ከ71 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ ነው። ‹‹የአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ›› ተብሎ ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር እዚያው ጎኑ ያለው ክኒቭሼሎደን የሚባል ዝቅተኛ ምድር ወደ ሰሜን በጥቂቱ ይበልጠዋል፤ ነገር ግን እዚያ አውቶቡስ አይደርስም፣ ገደልም የለውም፤ ስለዚህ ማንም አያነሣውም።

መርከቡ የሚቆመው ሆኒንግስቮግ በምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ገደሉ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ችግሩ ያለው በመጨረሻዎቹ 13 ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። መንገዱ ዛፍ በሌለበት ገላጣ አምባ ላይ ስለሚያልፍ በብርድ ወራት እንደ ልብ አይነዳበትም፤ በቀን በተወሰኑ ሰዓታት በኮንቮይ ብቻ ይታለፋል። አውቶቡሶቹ ስካርስቮግ መገንጠያ ላይ ካለው ማገጃ ፊት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቢጫ መብራቱ የሚሽከረከር የበረዶ መጥረጊያ መኪና ከፊት ይቀድማል፤ የተቀረው በፊቱ ያለውን መኪና የኋላ መብራት እያየ ይከተላል። በነፋስ ቀን በረዶው ከሰማይ የሚወርድ አይመስልም፤ ከመሬት ተነሥቶ በመስኮቱ አግድም ይሮጣል። የመንገዱን ዳር የሚያሳዩት የተተከሉት ረጃጅም ዘንጎች ብቻ ናቸው። ነፋሱ ከዚህ ሲብስ ኮንቮዩም ይቀራል፤ ማገጃው ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ዞሮ ይመለሳል።

በላዩ ላይ ጊዜው ጠባብ ነው። በየወደቡ እየቆሙ ወደ ሰሜን የሚወጡት የዳርቻ መርከቦች ሆኒንግስቮግ ላይ የሚቆዩት ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የደርሶ መልሱ መንገድና የኮንቮዩ መጠበቂያ ሲቀነስ ገደሉ ላይ የሚቀረው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ መርከቡ ቀድሞ ዘግይቶ ከነበረ ደግሞ ያም ይቆረጣል።

የደረሰ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም። እዚያ ያለው አዳራሽ ከፊሉ ዐለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ፊልም ማሳያ፣ ትንሽ የጸሎት ቤት፣ ምግብ ቤት አለው። የሲያሙ (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ቹላሎንግኮርን እ.ኤ.አ. በ1907 ስለጎበኙት ለመታሰቢያቸው የተሠራ ትንሽ የታይላንድ ሙዚየምም እዚያ አለ። ውጭ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በብርቱ ነፋስ ወደ ሉሉ የሚወጣ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ የያዘውን ሰው ክንድ ሳይለቅ ነው የሚሄደው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ሰማያዊ ድንግዝግዝ ነው። ፎቶ የሚፈልግ ሰው ከየካቲት በፊት ባይሄድ ይሻለዋል።

መንገዱ ከተዘጋ የሚቀረው ከተማው ነው። የኖርድካፕ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 እና 85 የተሠራው ነጭ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ከተማውን አቃጥለው ሳይቃጠል የቀረው ሕንፃ እሱ ብቻ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ገደሉን ብሎ ለመጣ ግን አያጽናናም። ኖርድካፕን ግዙ፤ ነገር ግን ቢሰረዝ ገንዘቡ በሙሉ ከሚመለስበት ሻጭ ብቻ ግዙ።

ትሮምሶ፦ ነፋሱን ትችላለች፣ ዝናቡን ግን ፍሩ

ትሮምሶ በትልልቅ ደሴቶች የተከለለች ከተማ ስለሆነች መርከብ ወደቧ ሳይገባ የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። ዋናው የሚሸጠው ጉብኝት ውሾች የሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ሲሆን ከአራቱ መዳረሻዎች እኔ ያለ ብዙ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። ሙቀት የሚይዝ ሙሉ ልብስና ጫማ እዚያው ይሰጣል። ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ በፊልም የምናያቸው ፀጉራም፣ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው አይደሉም፤ ለሩጫ የተመረጡ ቀጫጭን የአላስካ ዝርያዎች ናቸው። ማሰሪያው እስኪገባላቸው ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመዱን ይነክሳሉ። ነጂው ፍሬኑን ሲለቅ ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ የሚሰማው የተንሸራታቹ ፍጭት ብቻ ይሆናል። በእግራቸው የሚያነሡት በረዶ ፊት ለፊት ስለሚመጣ መነጽር ያላችሁ ተዘጋጁ።

የዚህ ጉብኝት ጠላት ዝናብ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት ትሮምሶን ከኬክሮሷ ጋር የማይመጣጠን ለዘብ ያለ አየር ይሰጣታል፤ ከምዕራብ የሚገባ ማዕበል በጥር ወር እንኳ ዝናብ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የበረዶው መንገድ መስተዋት ይሆናል። ጎማ ባለው ጋሪ የሚተኩ አሉ፤ ውሾቹን አስጎብኝተው፣ ሾርባ አብልተው የሚመልሱም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ‹‹ዝናብ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? የዋጋው ልዩነት ይመለሳል ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሸፋፍኖ የሚያልፍ ሻጭ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ወደ 421 ሜትር ከፍታ የሚያወጣው የኬብል መኪና ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም ቲኬቱን አስቀድሞ መግዛት ትርፍ የለውም። ማዕበሉ ጨርሶ ለማይነካው ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ያለው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራው የአርክቲክ ካቴድራል አለ። ወደ ደቡብ የሚመለሱት የዳርቻ መርከቦች ትሮምሶ የሚደርሱት እኩለ ሌሊት አካባቢ ሲሆን በዚያ ሰዓት እዚያ የሙዚቃ ዝግጅት ይሸጣል። ውጭ ነፋሱ እያፏጨ በዚያ የመስተዋት ግድግዳ ሥር መቀመጥ ከብዙ ውድ ጉብኝት ይበልጣል።

የሰሜን ብርሃን፣ ማለትም በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን፣ ፍለጋ ለብቻው የሚታይ ነው። ማዕበል ሲመጣ ደመና ስለሚሸፍን ብርሃኑን ከዳርቻው ማየት ይከብዳል። ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች ግን ተራሮቹ ደመናውን ወደሚያስቀሩበት ወደ ፊንላንድ ድንበር ይነዳሉ፤ ስለዚህ ዳርቻው ላይ ዝናብ እየወረደ እነሱ ኮከብ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ግን መርከባቸው ትሮምሶ ለሚያድር ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ገብቶ ማታ የሚወጣው የዳርቻ መርከብ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም። ፓስፖርታችሁንም ክፍላችሁ ውስጥ ትታችሁ አትውጡ፤ ድንበር ሊታለፍ ይችላል።

አልታ፦ ማዕበል ለሚፈራ

አልታ በስም የኖርድካፕን ያህል አትታወቅም፤ ለማዕበል ግን ከሁሉም የተሻለች ናት። ከተማዋ ረጅሙ የአልታ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ ምድር የገባ ጠባብ ባሕር) መጨረሻ ላይ ናት፤ ከክፍት ባሕር የሚመጣው ነፋስና ዝናብ እዚያ ሲደርስ ብዙ ኃይሉን ይጨርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቲርፒትዝ የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከባቸውን የደበቁት በዚሁ ፊዮርድ አንዱ ክንድ፣ በኮፊዮርድ ውስጥ ነበር። ሰማዩም ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል፤ የሰሜን ብርሃንን ለማጥናት በሃልደ ተራራ ላይ የምርምር ጣቢያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

የውሻ ተንሸራታች፣ የበረዶ ሞተርሳይክል፣ ከበረዶ የተሠራ ሆቴል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው በቲታኒየም የተሸፈነው የሰሜን ብርሃን ካቴድራል፣ ሁሉም በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የድንጋይ ላይ ሥዕሎች ግን በዚህ ወቅት አትግዙ፤ ከበረዶ ሥር ናቸው። ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ የየዕለቱ የዳርቻ መርከቦች አልታ አይቆሙም። አልታን የሚፈልግ ሰው ከብሪታንያ ወይም ከጀርመን ከሚነሡት ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አንዱን ቢይዝ ይሻለዋል።

ኪርከነስ

ኪርከነስ የዳርቻ መርከቦቹ መዞሪያ ናት፤ የሩሲያ ድንበር በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ብርዱ የጠነከረ ነው፤ ነፋሱ ግን እንደ ሆኒንግስቮግ አይደለም። ችግሩ እዚያ ለመድረስ በባሬንትስ ባሕር ጠርዝ ማለፍ ግድ መሆኑ ነው፤ መርከቡ በማዕበል ሌሊት ከዘገየ የጠዋቱ ቆይታ ያጥራል።

ታዋቂው ጉብኝት የቀይ ንጉሥ ሸርጣን አደን ነው። የሶቪየት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፓስፊክ አምጥተው ባሬንትስ ባሕር ላይ የለቀቁት ሸርጣን ነው ተባዝቶ ኖርዌይ የገባው። በበረዶ ሞተርሳይክል በሚጎተት ተንሸራታች በረዶ በሆነው ፊዮርድ ላይ ይኬዳል፤ በተቆፈረው ቀዳዳ ወጥመዱ ይወጣል፤ ሸርጣኑ እዚያው ተቀቅሎ ይበላል። የዋጋው ትልቁ ክፍል ያ ምግብ ነው። ሸርጣን የማይበላ ሰው፣ ወይም የነቢያትን ጾም የያዘ ሰው፣ ሰው ሲበላ ለማየት ያን ያህል ገንዘብ ባይከፍል ይሻላል። ለእሱ የበረዶ ሆቴሉ ይበቃዋል፤ ውስጡ ነፋስ አይገባም፣ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከመርከቡ ወይስ ከውጭ ሻጭ?

ከተማ ውስጥ ካለ አስጎብኚ በቀጥታ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ቡድኑም ያነሰ ነው። በማዕበል ወቅት ግን ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። መርከቡ ወደብ ሳይገባ ቢያልፍ ከመርከቡ የተገዛው ጉብኝት ገንዘቡ ይመለሳል። ከውጭ የገዛችሁት አስጎብኚ ግን ወደቡ ላይ ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው፤ በእሱ ደንብ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። የመርከቡ አውቶቡስ በበረዶ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል ወይም ሌላ መላ ይፈልጋል፤ በራሳችሁ የወጣችሁ ከሆነ ግን መልሕቁን አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለሆኒንግስቮግና ለኪርከነስ ከመርከቡ፣ መርከባችሁ ሙሉ ቀን የሚቆም ከሆነ ለትሮምሶና ለአልታ ደግሞ ደንቡን አንብባችሁ ከውጭ መግዛት ትችላላችሁ።

የመርከቡ ዓይነትም ያመጣው ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1893 የተጀመረው የሁርቲግሩተን መስመር፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሃቪላ፣ በርገንና ኪርከነስን በ34 ወደቦች ያገናኛሉ፤ ሠራተኞቻቸው በየቀኑ ብዙ ጊዜ መርከብ ሲያስጠጉ የሚውሉ ናቸው። የትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ጎን ግን ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ስለሚሆን ጠባብ ወደብ ላይ መጠጋት ይከብዳቸዋል። በሌላ በኩል አንድ ወደብ ላይ ቀኑን ሙሉ ስለሚውሉ መዘግየት ያን ያህል አይጎዳቸውም። ትልቅነትን የደኅንነት ዋስትና አድርጎ የሚያስብ ካለ ቫይኪንግ ስካይ የተባለውን የሽርሽር መርከብ ነገር ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ከትሮምሶ ወደ ደቡብ ሲመለስ ሁስታድቪካ በተባለው ክፍት ባሕር ላይ በማዕበል መካከል ሞተሮቹ ቆመው ከ1,373 ሰዎች 479ኙ በሄሊኮፕተር ተነሥተዋል። ካፒቴን ወደብ ዘለልኩ ሲል ከመቆጣት ማመስገን ይቀላል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከብሪታንያ የሚነሣ መርከብ የብሪታንያንም የሸንገንንም ቪዛ ይጠይቃል። ከበርገን የሚነሣው የዳርቻ መርከብ ግን ከኖርዌይ ስለማይወጣ የሸንገኑ ብቻ ይበቃዋል።

የግዢውን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ የውሻ ተንሸራታች ቦታው ውስን ስለሆነ በተለይ ለየካቲትና ለመጋቢት ቀደም ብላችሁ ያዙ። ኖርድካፕን ግን የአውቶቡስ መቀመጫ ካለ መርከብ ላይ ሆናችሁ መግዛት ስለሚቻል እስከ ዋዜማው ቆይታችሁ የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም በይር መተግበሪያ የሚያወጣውን የነፋስ ትንበያ ተመልከቱ። ስትመለከቱ አማካዩን ፍጥነት ትታችሁ የድንገተኛውን ነፋስ ቁጥር አንብቡ፤ አውቶቡስ የሚያስቆመው እሱ ነው። ለጫማ ሥር የሚታሠረውን የብረት ጥርስ ደግሞ የትኛውንም ብትመርጡ ግዙ፤ ከመርከቡ መወጣጫ እስከ አውቶቡሱ በር ያለው በረዶ የማዕበል ቀን ይሁን አይሁን ያንሸራትታል።