ለጠበቃዬ አራት ኮከብ፣ ተፈርዶብኝም ቢሆን

ቢሮው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ከፎቶ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። የመጠበቂያው ወንበሮች ይንገዳገዳሉ። እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወንበር ጅማ ውስጥ ማየት ያሳፍራል። ኮከብ የቀነስኩት ግን በወንበሩ አይደለም፤ ሰውዬው ስልክ አያነሱም።

ጉዳዬ የቤት ብድር ነበር። ደላላ ያዝኩ። "የገቢ ማስረጃህ ደካማ ነው፣ ለእኔ ተወው" አለኝ። ተውኩለት። የወርክሾፔ ገቢ ጥሩ ወር ላይ 40 ሺህ ብር ቢሆን ነው። ባንኩ የደረሰው ወረቀት 140 ሺህ ይላል። የሒሳብ ባለሙያ ማኅተምና ፊርማ አለው፣ ሁለቱም የሐሰት። ብድሩ ተፈቀደ፣ ቤቱ ተገዛ፣ በመያዣነት ተመዘገበ። ከዓመት በኋላ ኦዲተር ደረሰበት። ደላላው ስልኩን ቀየረ፤ እኔ ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ። በማግስቱ ጠበቃው በዋስ አስወጡኝ።

ክሱ ሁለት ነው። አንዱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ ማታለል። እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል፣ መቀጮም አለው። ሌላው አንቀጽ 378፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል። የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ገበያ ላይ ኦሮምኛዬን የሚረታኝ የለም፤ የዐቃቤ ሕግ ኦሮምኛ ግን ሌላ ነው። ጠበቃው መስመር በመስመር በአማርኛ አስረዱኝ። ችሎት ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቴ መሆኑንም ነገሩኝ።

ቢሯቸው የገባሁት ሁለት መከላከያ ይዤ ነበር። አንደኛ፣ "ብድሬን አንድም ወር አላሳለፍኩም።" ሳቁ። "መክፈልህ ቅጣት ያቀልልህ ይሆናል እንጂ ወንጀሉን አያጠፋም። የሚጠየቀው ያን ቀን ባንኩ ምን ተነግሮት አበደረህ ነው።" ሁለተኛ፣ "ወረቀቱን የሠራው ደላላው ነው።" እዚህ ላይ ብዕር አነሱ። በአንቀጽ 23 ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ (ሕጉ መከልከሉ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (ሐሳቡ) ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲገኙ ነው አሉኝ። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። እኛ የምንሟገተው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?

"አላውቅም" ብዬ ማልኩ።

"እስቲ ቴሌግራምህን ክፈት።"

ከደላላው ጋር የተጻጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ደላላው "ገቢህን ትንሽ ከፍ አድርገነዋል፣ አይዞህ" ብሏል። እኔ በአውራ ጣት መልሼለታለሁ። ረስቼው ነበር። ወይም ልረሳው ፈልጌ ነበር።

"ይቺን አውራ ጣት አስረዳኝ።"

ዝም አልኩ። "ላጥፋው?" ስላቸው ተቆጡ። እንዲያ ካሰብክ ሌላ ጠበቃ ፈልግ አሉኝ። ሌላማ ነበረኝ። ከእሳቸው በፊት ያነጋገርኩት ሰው "ሰው አለኝ፣ በወር እንጨርሰዋለን" ብሎኝ ነበር። ብር ሳልሰጠው በመውጣቴ ተርፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው ኮከቡን ያሰጣቸው። ሁለቱን ክስ ለያዩዋቸው። ሐሰተኛውን ወረቀት አላየሁትም፣ አልፈረምኩበትም፣ ያስገባውም ደላላው ነው። አንቀጽ 378 ደግሞ እያወቀ የተገለገለን ነው የሚቀጣው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሲጠየቁ ወረቀቱን በእጄ ያየ አንድም አልተገኘም። በዚህኛው መከላከል ሳያስፈልገኝ በነጻ ተሰናበትኩ። በ692 ግን "ይከላከል" ተባለ። አውራ ጣቷ እዚያ ጠበቀችን። ገቢዬ መጋነኑን አውቄ ዝም ማለቴን አልካድንም፤ የማኅተሙን ጉዳይ ግን አለማወቄን አስረዳን። ጥፋተኛ ተባልኩ። ስድስት ወር ቀላል እስራት፣ በሁለት ዓመት ገደብ (በዚህ ጊዜ ሌላ ጥፋት ካልሠራሁ አልታሰርም)፣ ከመቀጮ ጋር። የመጀመሪያ ጥፋቴ መሆኑ፣ ብድሩን መክፈሌና እውነቱን መናገሬ ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ተያዘልኝ።

ከባንኩ ጋር ያለው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ገና ነው። ክፍያ እንዳታቋርጥ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ብድር ካልተከፈለ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፣ በአዋጅ 97/1990።

ዋጋ፦ 50 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ በጽሑፍ ውል። ፎቶ ኮፒና ትራንስፖርት ለብቻ ነው፤ መጀመሪያ ስላልነገሩኝ ተናድጄ ነበር። አቅም ለሌለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

ወደ እሳቸው ከሄዳችሁ ወረቀታችሁን በሙሉ ያዙ፣ ስልካችሁንም ምንም ሳታጠፉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ። ከ3 ሰዓት በኋላ ችሎት ናቸው፤ የምታገኙት ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ነው።