ሙድል ከመምህሩ በኩል ሲታይ

ሙድል በዓለም ዙሪያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለኦንላይንና ለቅይጥ ትምህርት የሚጠቀሙበት የኮርስ ማስተዳደሪያ ሲስተም ነው። ስለ እሱ የሚቀርቡት አስተያየቶች በአብዛኛው ተማሪው ገጹን ሲከፍት ስለሚያየው ነገር ወይም የአይቲ ክፍሉ ሰርቨሩን ለማስተዳደር ስለሚገጥመው ሥራ ያወራሉ። እዚህ የያዝኩት ጥያቄ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፤ ሴሚስተሩን ሙሉ የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያወጣ፣ የሚያርምና ውጤት የሚያስገባ መምህር ሙድልን ሲይዝ ሥራው ይቀልለታል ወይስ ይከብድበታል? መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ምዘናው ላይ በእጅጉ ይቀልለታል፣ የውጤት መዝገቡ ላይ ይከብድበታል፣ የቀጥታ ትምህርቱ ላይ ደግሞ ሙድል ብቻውን አይበቃውም።

ሲስተሙን የጀመረው አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሲሆን፣ ስሪት 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ በመሆኑ ማንኛውም ተቋም የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነውና እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ከዚህ የተነሳ የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሙድል ፈጽሞ ላይመሳሰል ይችላል፤ አንዱ ጋ ያለው መሣሪያ ሌላው ጋ የለም፣ ፕለጊን የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያ የሚጭነውም አስተዳዳሪው እንጂ መምህሩ አይደለም። አንድ ፋይል ምን ያህል ሊተልቅ እንደሚችል እንኳ የሚወሰነው በሰርቨሩ ቅንብር ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ለመጫን ሞክሮ የተከለከለ መምህር ሙድልን ከመውቀሱ በፊት አስተዳዳሪውን ቢጠይቅ ይሻላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ቪዲዮ መጀመሪያውኑ ሙድል ውስጥ መጫን የለበትም። ለቪዲዮ በተዘጋጀ አገልግሎት ላይ አስቀምጦ ማስፈንጠሪያውን ኮርሱ ውስጥ ማስገባት ለሰርቨሩም፣ ደካማ ኢንተርኔት ላለው ተማሪም ይበጃል።

የሙድል ትልቁ ጉልበት ኩዊዙ ላይ ነው። መምህሩ ጥያቄዎቹን በጥያቄ ባንክ ውስጥ በምዕራፍ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ፈተናውን ሲያዘጋጅ ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ ብቻ ይወስናል፣ ሲስተሙም ለእያንዳንዱ ተማሪ በዕጣ መርጦና የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል አደበላልቆ ያቀርባል። ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለምህንድስና መምህራን ደግሞ የስሌት ጥያቄ የሚባለው ዓይነት አለ። በጥያቄው ውስጥ ቁጥር በሚገባበት ቦታ ተለዋዋጭ ምልክት ይቀመጣል፤ የመልሱ ቀመር አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ የተለያየ ቁጥር የያዘ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሳቸዋል። መልስ ከጓደኛ መቀበል ዋጋ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው ከጓደኛው ሊወስድ የሚችለው አሠራሩን ብቻ ነውና፤ አሠራሩን መማሩ ደግሞ የሚጠላ ነገር አይደለም።

ጥያቄዎችን አንድ በአንድ በሲስተሙ ቅጽ ላይ መሙላት ግን አሰልቺ ነው። ለአንድ የምርጫ ጥያቄ የሚቀርበው ቅጽ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ክፍሉም ለተራ ጥያቄ አያስፈልግም። ብዙ መምህራን የማያውቁት አቋራጭ ኤይከን የሚባለው የጽሑፍ አቀራረብ ነው። ጥያቄው በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ምርጫዎቹ በላቲን ካፒታል ፊደላት ተለይተው በየመስመራቸው ይከተላሉ፣ የመጨረሻው መስመር ትክክለኛውን መልስ ይጠቁማል። በዚህ መልክ በተራ የጽሑፍ ፋይል የተዘጋጁ ሃምሳ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ወደ ባንኩ ይገባሉ። ፋይሉ ሲቀመጥ የጽሑፍ ኮዱ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት፤ ያ ካልተደረገ በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ጥያቄ ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል።

ኩዊዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ተማሪው መልሱን መቼ ያያል የሚለውን በሚወስነው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ጊዜውን በአራት ይከፍለዋል፤ በሙከራው ወቅት፣ ሙከራው እንዳለቀ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ ፈተናው ገና ክፍት እያለ፣ በመጨረሻም ፈተናው ከተዘጋ በኋላ። በእያንዳንዱ ሥር ነጥቡ፣ ትክክለኛው መልስና ግብረ መልሱ ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ምርጫ አለ። ፈተናው ለምሳሌ ለአንድ ቀን ሙሉ ክፍት ከሆነና ትክክለኛው መልስ ሙከራው እንዳለቀ እንዲታይ ከተፈቀደ፣ ጠዋት የተፈተነው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ለሚፈተነው መልሱን በስልኩ ይልክለታል። ስለዚህ ውጤት በሚያዝበት ፈተና ላይ ትክክለኛው መልስ ከመጨረሻው ጊዜ በስተቀር በሁሉም ሥር መጥፋት አለበት። ለልምምድ በሚሰጥ ኩዊዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ተማሪው ወዲያው እንዲታረምና ደግሞ እንዲሞክር የሚያደርገው አሠራር የተሻለ ያስተምራል።

ኢንተርኔት በመሃል ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው የመምህራን ሁሉ ስጋት ነው። በመደበኛው ቅንብር ሲስተሙ መልሶችን በየደቂቃው ገደማ ራሱ ስለሚያስቀምጥ፣ ተመልሶ የገባ ተማሪ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰዓቱ ግን እሱ በሌለበትም ይቆጥራል። ለዚህ መፍትሔው ለአንድ ተማሪ ብቻ የተለየ ሰዓት ወይም ተጨማሪ ሙከራ መፍቀድ የሚያስችለው ቅንብር ነው፤ ለሌላው ተማሪ ምንም ሳይለወጥ በጥቂት ጠቅታ ይሠራል። የማየት ችግር ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠውም በዚሁ መንገድ ነው።

ከፈተናው በኋላ የሚገኘው የስታቲስቲክስ ሪፖርት፣ በእኔ ግምት፣ ከሙድል ክፍሎች ሁሉ እጅግ ጠቃሚው ሆኖ ሳለ እጅግ የተረሳው ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተማሪዎች በአማካይ ስንት በመቶ እንዳገኙ፣ እንዲሁም ጥያቄው ጎበዙን ተማሪ ከደካማው ምን ያህል እንደሚለይ ያሳያል። በጠቅላላው ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ስተው ዝቅተኛ ያመጡት ያገኙት ጥያቄ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመልስ ቁልፉ ወይም የጥያቄው አገላለጽ ነው። በወረቀት ፈተና ይህን ለማወቅ ማንም መምህር ጊዜ አይኖረውም። እዚህ ግን ቁልፉን አስተካክሎ ፈተናውን በሙሉ እንደገና ማሳረም ይቻላል።

የጽሑፍ ሥራ መቀበያው፣ ማለትም አሳይመንቱ፣ ጥሩ ነው። መምህራንን የሚያደናግረው ሁለቱ ቀኖች ናቸው፤ የማስረከቢያው ቀን ሲያልፍ ሥራው «ዘግይቷል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ መቀበሉ አይቆምም፣ በሩን የሚዘጋው የመቁረጫው ቀን ነው። በፒዲኤፍ የገባ ሥራ ላይ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ማስመርና አስተያየት መጻፍ ይቻላል፤ የወርድ ፋይል ግን አስተዳዳሪው መለወጫ ካልጫነ በቀር በዚህ መንገድ አይታረምም፣ ስለዚህ ተማሪዎችን ከመጀመሪያው ፒዲኤፍ ብቻ አስገቡ ማለት ይቀላል። ኢንተርኔት ለማይዘልቅለት መምህር ደግሞ የሁሉንም ተማሪ ሥራ በአንድ ጥቅል አውርዶ፣ ነጥቡን በሰንጠረዥ ላይ ሞልቶ፣ ያለ ኢንተርኔት ካረመ በኋላ መልሶ መጫን ይፈቅዳል። የተማሪውን ስም ደብቆ ማረምም ይቻላል፤ ብዙ ክፍሎች ይህን እንደ ደንብ ቢይዙት እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ውጤት መዝገቡ እንምጣ። ኮርሱ በሙሉ የሚደመርበት ይህ ክፍል ከሙድል ሁሉ ደካማው ነው፤ ይሁንና አሠራሩ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፣ አማራጩ በዝቶ መምህሩን ግራ ያጋባል ማለቴ ነው። አንዱ ምሳሌ ይበቃል። በመደበኛው ቅንብር ገና ነጥብ ያልተሰጠባቸው ሥራዎች ከድምሩ ውጭ ይደረጋሉ። ከአምስት የቤት ሥራዎች አንዱን ብቻ አስገብቶ ከ10 ዘጠኝ ያገኘ ተማሪ፣ ሌሎቹ ባዶ እስከሆኑ ድረስ፣ ገጹ ላይ የሚያየው 90 በመቶ ነው። ተማሪው በደህና እየሄድኩ ነው ብሎ ይቀመጣል፤ መምህሩ በሴሚስተሩ መጨረሻ ባዶዎቹን በዜሮ ሲሞላ ግን ውጤቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ክርክሩም ይጀምራል። ይህን ለማስቀረት ባዶዎቹን ከድምሩ የሚያስወጣውን ምልክት ማንሳት ወይም ባልገባ ሥራ ላይ ቀኑ እንዳለፈ ዜሮ ማስገባት ይበቃል። የትኛውም ቢመረጥ መወሰን ያለበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ክብደቶቹም ከኮርሱ መግለጫ ጋር የሚመሳከሩት ያኔ ነው።

ለቀጥታ ትምህርት ሙድል ከስሪት 4.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ ቢግብሉበተን የተባለውን የቪዲዮ ክፍል አብሮ ይዞ ይመጣል። ይህ በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ኦፕን ሶርስ መሣሪያ ለማስተማር ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ሰሌዳው፣ የድምፅ መስጫውና ወደ ትናንሽ ቡድኖች መከፋፈያው ለመምህር የሚመቹ ናቸው። ይሁንና ብቁ የሆነ የራሱ ሰርቨር ይፈልጋል፤ ተቋሙ ያንን ካላቀረበ መምህሩ ወደ ዙም መሄዱ አይቀርም፣ የዙም ነፃ አካውንት ደግሞ በ40 ደቂቃ ይዘጋል።

የቅይጥ ክፍል ችግር ግን ከሶፍትዌር በላይ ነው። ግማሹ ተማሪ ፊት ለፊት፣ ግማሹ በስክሪን ሲሆን መጀመሪያ የሚበላሸው ድምፅ ነው፤ የመምህሩ ላፕቶፕ ማይክ የመምህሩን እንጂ ከኋላ ወንበር የሚነሳውን ጥያቄ አይዝም፣ ቤቱ ያለው ተማሪም መልስ ብቻ ይሰማል። ጥያቄውን ከመመለስ በፊት ድጋሚ መናገር በነፃ የሚገኝ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሌላው ግማሽ ጥሩ የክፍል ማይክና ቻቱን የሚከታተል ረዳት ነው፤ ሁለቱም በተቋሙ በጀት እንጂ በሙድል ቅንብር አይመጡም። ሙድል የሚያግዘው ከክፍሉ በፊትና በኋላ ነው፦ ውይይቱን ወደ ፎረም በመውሰድ፣ እንዲሁም ኤችፋይቭፒ በሚባለው መሣሪያ ቪዲዮ መሃል ጥያቄ በማስገባት።

መምህራንን ለመደገፍ የሚሰጠውን ሥልጠና በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ እያንዳንዱን ቁልፍ በፕሮጀክተር ማሳየት እምብዛም ፍሬ አያፈራም፤ ቁልፉ ያስፈለገ ዕለት መምህሩ ረስቶታል። ከዚያ የሚሻለው ሳምንቶቹ፣ የውጤት ክብደቶቹና የፈተና ሰንጠረዡ አስቀድመው የተስተካከሉበት የኮርስ አብነት ሰጥቶ መምህሩ የራሱን ይዘት እንዲሞላበት ማድረግ፣ እንዲሁም በፈተና ቀን ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው መመደብ ነው። መምህሩም በበኩሉ ኮርሱን ከመክፈቱ በፊት ወደ ተማሪ ዕይታ ቀይሮ ቢመለከት የተደበቀውንና የተጋለጠውን ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ክፍል ብቻ የሚያስተምር፣ ፋይል ከማከፋፈልና ጥቂት የቤት ሥራ ከመቀበል ያለፈ ፍላጎት የሌለው መምህር ጉግል ክላስሩም የተባለው የጉግል ተመሳሳይ አገልግሎት ይብቃው እላለሁ፤ ለመልመድ ይቀላል። በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚፈትንና ያንኑ ኮርስ ደጋግሞ የሚሰጥ መምህር ግን የጥያቄ ባንኩ በየሴሚስተሩ ሲያድግለት የመጀመሪያውን ድካም ያካክስለታል። ኮርሱን ከነጥያቄዎቹ፣ የተማሪ መረጃ ሳይጨምር፣ ኤምቢዚ በሚባል አንድ የሙድል መጠባበቂያ ፋይል አውጥቶ በእጁ ማስቀመጥም ይችላል፤ ፋይሉ በሌላ ተቋም ሙድል ላይ ይከፈታል፣ የዚያ ተቋም ስሪት ከወጣበት ያነሰ እስካልሆነ ድረስ።