ድራማውን ላጥና ወይስ ተመልካቹን?

ቴሌቪዥን ማጥናትን ሙያዬ ላድርግ ላለ የድሬ ልጅ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ድራማውን ራሱን መተንተን ነው። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጦም ይሠራል። ችግሩ፣ አዲስ አበባም ለንደንም ያለው ሰው ያንኑ መሥራት ይችላል።

ሁለተኛው ተመልካቹን ማጥናት ነው። የሚዲያ ተመራማሪዋ ኢየን አንግ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጥናት የታወቀችው፣ ተመልካቾች ስለ አሜሪካው ድራማ "ዳላስ" በጻፉላት 42 ደብዳቤዎች ነው። ድሬ ላይ ደብዳቤ አያስፈልግም። ሙቀቱ ሲበረታ በርጫ ወደተያዘበት ቤት ጎራ ማለት ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የቱርኳ ሴት በአማርኛ ታለቅሳለች። ቡና የምታፈላው እናት በኦሮምኛ ትራገማለች፤ ጎረቤቷ በሶማልኛ ይቀልዳል። ይሄን ቁጭ ብሎ የሚመዘግብ ነው የጠፋው። (እኔ አንዴ ሞክሬ፣ ድራማው ይዞኝ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ወጣሁ።)

ጣጣው ጊዜ ነው። ቤተኛ እስክትሆን ትቆያለህ። የቀዳኸውን ወሬ ወደ ጽሑፍ መገልበጥማ ወገብ ይቆርጣል፤ በሦስት ቋንቋ ሲሆን ደግሞ አስበው። ማስተርሱን ቶሎ መገላገል ለፈለገ የመጀመሪያው ይሻላል። ለዶክትሬት ግን እኔ ብሆን በርጫ ቤቱን ነው የምመርጠው።