ወደብ ወይስ ፎቅ?
ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቡና ይዘን ሳለ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የወደብ መሐንዲስ ልሁን ወይስ የሕንፃ?» አለኝ። አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና ይማራል። ባሕር አይቶ አያውቅም።

የሕንፃው ሥራ ደጃፉ ላይ ነው። ቀና ቢል 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ አለለት። ተወዳዳሪው ግን ብዙ ነው።

ወደብ ሌላ ዓለም ነው። የፎቅ ሸክም በዋናነት ወደ ታች ይወርዳል፤ የመርከብ መቆሚያ ግድግዳ ግን ከጎን ይገፋል፤ ከኋላው አፈር፣ ከፊቱ በሺህ የሚቆጠር ቶን ይዞ የሚጠጋ መርከብ። ግፊቱን የሚያበርደው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወፍራም ጎማ ነው፤ ልኩ ከተሳሳተ ወይ መርከቡ ይጎዳል ወይ ግድግዳው። ጨውም አለ። ማዕበል አንዴ የሚያረጥበው፣ አንዴ የሚተወው ኮንክሪት ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ካለው ቀድሞ ይበላሻል፦ ጨው ሰርጎ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ፒያሳ ላይ ፎቅ የሚሠራ ሰው ይህ ራስ ምታት የለበትም።

እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌለን የወደብ መሐንዲስ ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ቅርቡ ጅቡቲ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ቢኖርም እዚያ ሥራው የኮንቴይነር ማስቀመጫ ንጣፍ እንጂ ማዕበል አይደለም።

እኔ ብሆን በሕንፃ ጀምሬ የአፈርና የመሠረት ምህንድስናን አጠነክር ነበር፤ ሁለቱም ቤት ያበላል።

«ሙቀቱስ?» አለኝ።

እኛ ክረምት ላይ ጃኬት ስንደርብ ጅቡቲ 40 ዲግሪ ያልፋል። ቡናውን ዝም ብሎ ጨረሰ።