ድርድር ወይስ ጠመንጃ? የጋናና የአልጄሪያ መንገድ

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ክርክር ተነሳ፦ ከቅኝ ገዢ ለመላቀቅ የቱ ይሻላል? ከዚያ ቤተ መንግሥቱን አልፎ ቁልቁል፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ በ1963 የጋናው መሪ ንክሩማህም የአልጄሪያው መሪ ቤን ቤላም ተቀምጠው ነበር። በነሱ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጊዜ፦ የንክሩማህ ፓርቲ በ1951 ምርጫ አሸነፈ፣ ጋና በ1957 ነፃ ወጣች። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ጋር ከ1954 እስከ 1962 ተዋጋች። ልዩነቱ እንደሚወራው ሰፊ አይደለም።

ዋጋ፦ እዚህ ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ጋናም እስርና ጥይት ቀምሳለች፤ አልጄሪያ የቀበረችው ግን በመቶ ሺዎች ነው።

መንግሥት ማቋቋም፦ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። ንክሩማህ ምርጫውን ያሸነፈው እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ተፈትቶ ከእንግሊዞቹ ጋር እየሠራ ቢሮውንም በጀቱንም ለመደ። ክፍያው ምን ነበር? የእንግሊዟ ንግሥት እስከ 1960 የጋና ርዕሰ ብሔር ሆና ቆየች። አልጄሪያውያን ደግሞ በ1958 ካይሮ ላይ ጊዜያዊ መንግሥት መሥርተው ነበር፣ ግን ነፃነቱ እንደመጣ እርስ በርስ ተናከሱና ሠራዊቱ የደገፈው ቤን ቤላ ወንበሩን ያዘ።

አደጋ፦ እኩል። ቤን ቤላን በ1965፣ ንክሩማህን በ1966 ወታደር ገለበጣቸው።

እና የቱ? ገዢው ምርጫ ከፈቀደ፣ ከአውሮፓ የመጣ ሰፋሪም ብዙ ከሌለ፣ ድርድር ያዋጣል። አልጄሪያ ላይ ግን ወደ 1 ሚሊዮን ሰፋሪ ነበረ፤ ፈረንሳይም «የራሴ አካል ናት» ባይ ነበረች። እዚያ ጦርነቱን የቋጨው የኤቪያኑ ድርድር ራሱ የመጣው በጠመንጃ ነው።