የቪክቶሪያ ቨርቹዋል ድንገተኛ ክፍል፦ ሐኪሙ በካሜራ ምን ያያል፣ ምን ያመልጠዋል?

ልጅ በእኩለ ሌሊት ትኩሳት ሲጀምረው ሆስፒታል ወንበር ላይ ከማንጋት ይሄ ከድንገተኛ ሐኪም ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ አገልግሎት እጅግ ይሻላል። ኖርዘርን ሄልዝ የተባለው የሜልበርን የሆስፒታሎች ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የጀመረው ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ላለ ሁሉ 24 ሰዓት ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ድረ ገጹ ላይ ይመዘገባሉ፣ መጀመሪያ ነርስ ታነጋግርዎታለች፣ ከዚያ የድንገተኛ ሐኪም በቪዲዮ ያይዎታል። አስተርጓሚም በነፃ ስላለ ከመጀመሪያው «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ይህ የልጅ ሸክም አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ስልኩ ነው። ሊንኩን ቴሌግራም ውስጥ ሳይሆን በክሮም ወይም በሳፋሪ ይክፈቱ፤ ካሜራና ማይክ ይፍቀዱ። መብራቱ ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው።

ሐኪሙ እጅ ስለሌለው የእርሱ እጅ እርስዎ ነዎት። የሚያስል ሕፃን ከሆነ ልብሱን እስከ አንገቱ ገልጠው ደረቱን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ያሳዩ። ሐኪሙ ትንፋሹን ይቆጥራል፤ ከጎድን አጥንቱ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነም ያያል። ሽፍታ በጥቁር ቆዳ ላይ በካሜራ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ መዳፉን፣ የውስጥ እግሩንና ሆዱን ያሳዩ፣ ጠቆር ወይም ሞቅ ያለ ቦታ ካለም በቃል ይንገሩ። ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ካለ ግን ቪዲዮውን ትተው ወደ አምቡላንስ 000 ይደውሉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ራስን መሳት ሲኖርም እንደዚሁ።

የልጁን ክብደትና የሰጡትን መድኃኒት ጠርሙስ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ፓራሲታሞል ለአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው፤ ለ12 ኪሎ ልጅ 180 ሚሊግራም ማለት ነው። በሚሊሊትር 24 ሚሊግራም የያዘው ሽሮፕ ከሆነ 7.5 ሚሊሊትር፣ 48 የያዘው ከሆነ 3.75 ሚሊሊትር ብቻ ይሰጣል። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ሳይታወቅ እጥፍ የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ለሐኪሙ በካሜራ ያስነብቡት።

ሆድ መዳበስ፣ ጆሮ ውስጥ ማየት፣ መስፋት፣ ራጅ ማንሳት በቪዲዮ አይቻልም። የሆድ ሕመም ከሆነ ሐኪሙ ሆስፒታል ሂዱ ቢል አይከፉ፤ ትክክል ነው። መድኃኒት ካዘዘ ኮዱ በቴክስት ይመጣል፤ መልእክቱን ሳያጠፉ ፋርማሲ ያሳዩ።