ታንኩ ደህና፣ ኦሪንጉ ግን…

ለዕረፍት አገር ቤት ገብቼ ከጓደኞቼ ጋር ፔይንትቦል (በቀለም ጥይት የመተኳኮስ ጨዋታ) ተጫውቼ ነበር። ማርከሬን፣ ማለትም የቀለም ጥይት መተኮሻዬን፣ ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚተኩስበትን አየር የሚይዘውን ታንኬን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የተሞላ የአየር ታንክ አውሮፕላን ላይ አይገባም። ባዶውንም ቢሆን ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ ካልታየ አናሳልፍም የሚሉ አሉ። ፈትቶ መልሶ መግጠም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ታንክ ተከራየሁ፣ አየር አስሞላሁ፣ ኦሪንግ (አየር እንዳያፈስ ታንኩ አፍ ላይ የምትቀመጠውን ክብ ጎማ) አስቀየርኩ።

ከኪራዩ ልጀምር። መስተንግዶው አሪፍ ነው። ጭንብሎቹ ንጹህ ናቸው፤ ልጆቹም ትሁት ናቸው። ታንኮቹ እስከ 3,000 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የሚይዙ አሉሚኒየም ናቸው። ትከሻቸው ላይ የተመታውን የፍተሻ ቀን አይቻለሁ፤ ጊዜው አላለፈም። እናንተም ታንክ ስትከራዩ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ችግሩ ያለው ታንኩ አፍ ላይ ካለችው ጎማ ነው። ታንኩን ማርከሬ ላይ አጥብቄ ስጨርስ ፍስስስ ማለት ጀመረ። «ጠበቅ አርገው ብሮ» አለኝ አንዱ ልጅ። ይሄ በማጥበቅ አይድንም። አየሩን የምትይዘው ያቺ ጎማ ናት እንጂ ጥርሱ አይደለም። ፈትቼ ሳያት አንድ ጎኗ በጥፍር የተቦጨቀ ይመስላል። እንዲህ የምትሆነው ብዙ ጊዜ ግፊት እያለ ታንክ ሲፈታ ነው። አየሩ ከቦታዋ ይገፋታል፣ ጥርሱ ይቆርጣታል። መክፈቻና መዝጊያ ያለው መግጠሚያ ካላችሁ መጀመሪያ ዝጉት። የቀረውን አየር አቅጣጫ መርጣችሁ ተኩሳችሁ ጨርሱ። ከዚያ ፍቱ።

መለወጫ ስጠይቅ የመጣልኝ የቧንቧ ጎሚኒ የታጨቀበት ካርቶን ነው! «ከዚህ የሚሆንህን ምረጥ» ተባልኩ። በግምት የሚመረጥ ነገር ግን አይደለም። የፔይንትቦል ታንክ አፍ ኦሪንግ ቁጥሩ 015 ነው። የውስጥ ስፋቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ባለ 2 ሚሊ ሜትሯ ለዓይን ያው ናት፤ ታንኩ ሲጠብቅ ግን ተጨፍልቃ ልትቆረጥ ትችላለች።

የጥገና ባለሙያው ጋ ስደርስ ነው እፎይ ያልኩት። ማርከሩን ገና ሳይነካ «የምትተኩሰው በአየር ነው በካርቦን ዳይኦክሳይድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይለያል። ለአየር ናይትራይል ከሚባል ጎማ የተሠራው የተለመደው ጥቁር ኦሪንግ ይበቃል። የጎማው የጥንካሬ ቁጥር 70 የሆነው ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይገጥማል፤ ቶሎም ይቀደዳል። 90 የሆነው ደረቅ ይላል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ታንክ የሚፈታ የሚገጥም ሰው 90ውን ቢወስድ ይሻለዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ናይትራይል ጋዙን ይመጠውና ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይፈነዳዳል። እዚያ ላይ ፖሊዩሬታን ከሚባለው ሌላ ቁስ የተሠራው ኦሪንግ ነው የሚያዋጣው። ቀለም አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ ሻጩን ምን እንደሆነ ጠይቁት።

አሠራሩንም ወደድኩት። አሮጌዋን ያወጣት በጠመንጃ መፍቻ ሳይሆን በእንጨት ስንጥር ነው፤ ብረት መቀመጫዋን ከጫረው አዲሷም ታፈሳለች። ቦታውን በጨርቅ ጠረገ። ጣቱ ላይ ትንሽዬ የሲሊኮን ግሪስ አድርጎ አዲሷን ዞር ዞር አደረጋትና አስገባት። የሞተር ዘይት የሚባል ነገር አላስጠጋም፣ ልክ ነው። በተለይ አየር መሙያው አፍ አካባቢ ዘይት ካለ ከፍተኛ ግፊት ሲገባ ሊቀጣጠል ይችላል።

አየር አሞላሉ ደህና ነው። ቀስ ብለው ይሞላሉ፣ ታንኩም አይግልም። ተጣድፈው ቢሞሉት ሲበርድ ግፊቱ ይወርድና ሞላ ያልከው ጎዶሎ ይሆንብሃል።

ያው ኪራይ ቤት ተመልሼ እከራያለሁ፤ ባለ 90ዎቹን 015 ግን ከኪሴ አላጣም። ደግሞ የሚያፈሰው ከአፉ ሳይሆን ሬጉሌተሩ (ታንኩ ላይ ያለው ግፊት መቀነሻ) እና ታንኩ ከሚገናኙበት ቦታ ከሆነ ምንም እንዳትነኩ። ታንኩን መልሱና ሌላ ጠይቁ።